አውሳ፦ የአቃቂ ውኃ የሚደርስባት የበረሃ አገር

በአቃቂ ድልድይ ሥር የሚያልፈው ውኃ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ወንዙ በአባ ሳሙኤል በኩል ወርዶ ከአዋሽ ይቀላቀላል፤ አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር በረሃ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ በፊት ግን በአሳይታ ዙሪያ ተንጣልሎ በደረቁ ምድር መካከል ለምለም ሜዳ ይፈጥራል። ይህ ሜዳ አውሳ ነው።

ኢማም ሙሐመድ ጋሳ በ1577 እ.ኤ.አ. መናገሻቸውን ከሐረር ወደ አውሳ አዛወሩ። ይህ ብዙ ጊዜ እንደ ሽሽት ብቻ ይተረካል። ለእኔ ግን በምርጫው ውስጥ ማስተዋል ይታየኛል፤ በረሃው ለወራሪ ጦር እንቅፋት፣ ወንዙ ለነዋሪው ጎተራ ነበርና። በ18ኛው መቶ ዘመን ሥልጣኑ ወደ አፋሮቹ የሙደይቶ ሥርወ መንግሥት ተላለፈ። በ1875 እ.ኤ.አ. በግብጹ ኸዲቭ እስማዒል አገልግሎት የነበረው ሙንዚንገር ፓሻ ጦር ይዞ ሲመጣ፣ ሡልጣኑ ሙሐመድ ሐንፈሬ ነበሩ፤ ፓሻው ከአብዛኛው ጭፍራው ጋር በዚያው ቀረ።

የአገሩ ሀብት የደጋው ክረምት ነው። ጎርፉ ሲሸሽ በረጠበው መሬት ላይ እህል ይዘራል፤ አርብቶ አደሩም በበጋ ከብቱን ወደ ወንዙ ዳር ያወርዳል። ከአሳል ሐይቅ የተጫነው ጨውም የአፋርን ምድር አቋርጦ በግመል ወደ ሸዋ ይጓዝ ነበር።

ይህን ሥርዓት የለወጠው ጥጥ ነው። የቆቃ ግድብ በ1960 እ.ኤ.አ. ተሠራ፤ በማግሥቱ ዓመት የእንግሊዙ ሚቼል ኮትስ ኩባንያ የተንዳሆን እርሻ አቋቋመ። ሡልጣን ዐሊ ሚራሕ ሐንፈሬም ጥጥ አስመረቱ፤ ገንዘብ ገባ። እርሻዎቹ የያዙት ግን የበጋ ግጦሹን ነበር። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ድርቁ ሲበረታ፣ ከብቱ የሚሸሽበት ወንዝ ዳር በጥጥ ተይዞ ቆየው። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ሡልጣኑ ከደርግ ጋር ተጋጭተው ተሰደዱ፤ የተመለሱትም ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ.) ከአንድ አንሷሪይ ጋር በመስኖ ውኃ ሲከራከሩ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የላይኛው አስቀድሞ እንዲያጠጣ፣ ከዚያም ለጎረቤቱ እንዲለቅ ፈርደዋል። ሐዲሱን ስናስተምር ብዙውን ጊዜ የምናወሳው የውኃውን መጠን ነው፤ ንጽሕናውም ሊነሣ ይገባዋል። የአቃቂ ወንዝ ዛሬ የከተማውንና የፋብሪካውን ቆሻሻ ተሸክሞ ይወርዳል፤ በዚህ ጉዳይ የላይኛው ጎረቤት እኛ ነን። አዋሽ ወደ ባሕር ስለማይገባም፣ የተሸከመው ጨውና ዝቃጭ በመንገዱ ባሉት ማሳዎችና በመጨረሻው ሐይቅ ይቀራል።