የታሪክ ማስታወሻ፦ በፖስታ የተጠየቀ ሕዝብ

የዛሬው የታሪክ ማስታወሻችን ባሕር ተሻግሮ ወደ አውስትራልያ ይዘልቃል።

መስከረም 2 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ይኸውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017፣ እኛ የዐውደ ዓመቱን አደይ አበባ ገና ከደጃችን ሳናነሣ፣ የአውስትራልያ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት በመራጮች መዝገብ ለሰፈሩት 16 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በየቤታቸው የሚደርስ ቅጽ በፖስታ መላክ ጀመረ። በቅጹ ላይ የነበረው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ተመሳሳይ ጾታ ያላቸው ጥንዶች ይጋቡ ዘንድ ሕጉ ይለወጥ ወይስ አይለወጥ የሚል ነበር።

ምርጫ የማስፈጸም ልማድ የሌለው፣ ያውም ከአንድ ዓመት በፊት የሕዝብ ቆጠራውን በኢንተርኔት ሲያካሂድ መስመሩ ተቋርጦበት አገር የተሳለቀበት መሥሪያ ቤት ለዚህ ተግባር የታጨው ወድዶ አይደለም። የጠቅላይ ሚኒስትር ማልኮም ተርንቡል መንግሥት ሕዝበ ውሳኔ እንዲደረግ ያቀረበውን ሐሳብ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ሁለት ጊዜ ስላልተቀበለው፣ መንግሥት ጉዳዩን ምርጫ ሳይሆን ቆጠራ ነው ብሎ በሌላ በር አስገባው፤ ይህንንም የተቃወሙ ወገኖች ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ቢከስሱ ጳጉሜን 2 ቀን ተረቱ።

በዚያ አገር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1924 ጀምሮ ለፌደራል ምርጫ ድምፅ መስጠት በሕግ የታዘዘ ግዴታ ሆኖ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው መቀጮ የሚከፍል ሲሆን፣ ይህ መጠይቅ ግን ለሰው ፈቃድ የተተወ ስለ ነበረ፣ ስንት ሰው ይመልሳል የሚለው ነገር ከመልሱ ይልቅ ብዙዎችን ያሳስብ ነበር። ይልቁንም ለውጡን የደገፉት ወገኖች ደብዳቤ ጽፎ ወደ ፖስታ ሣጥን መጣል የማያውቀው ወጣት ቅጹን በጠረጴዛው ላይ ረስቶት ይቀራል ብለው ሠጉ።

ኅዳር 6 ቀን ውጤቱ በካንቤራ ሲነገር መልስ የመስጠት መብት ካላቸው ሰዎች መካከል 79.5 በመቶ የሚሆኑት ቅጹን መልሰው ተገኙ። ከእነዚህም 7,817,247 ሰዎች ይለወጥ፣ 4,873,987 ሰዎች አይለወጥ ብለዋል፤ ይህም 61.6 በመቶ በ38.4 በመቶ ነው። ሥጋቱም ጨርሶ መሠረት የለሽ አልነበረም፤ ከሁሉ ይበልጥ የመለሱት ከ70 እስከ 74 ዓመት ያሉት አረጋውያን ሆነው 89.6 በመቶ ሲደርሱ፣ ከሁሉ ያነሱት ከ25 እስከ 29 ዓመት ያሉት 71.9 በመቶ ነበሩ። የሚያስደንቀው ግን ገና ለአካለ መጠን የደረሱት የ18 እና የ19 ዓመት ወራዙት 78.2 በመቶ ሆነው ታላላቅ ወንድሞቻቸውን መብለጣቸው ነው። ሴቶችም 81.6 በመቶ ሲመልሱ ወንዶች 77.3 በመቶ ነበሩ።

እዚህ ላይ አድማጭ አንድ ነገር ልብ እንዲልልን እንወዳለን። መሥሪያ ቤቱ ማን እንደ መለሰ በዕድሜና በጾታ ለይቶ ቆጠረ፤ ምን እንደ መለሰ ግን የእያንዳንዱን ሰው ምሥጢር ለመጠበቅ በምርጫ ክልል ብቻ ደምሮ አወጣ። ስለዚህ ሽማግሌዎቹ እንዲህ አሉ፣ ሴቶቹ እንዲያ አሉ እያለ በእርግጠኝነት የጻፈ ጋዜጠኛ ሁሉ የማይገናኙትን ሁለት መዝገቦች በራሱ ግምት የሰፋ ነው።

በሰሜናዊው ግዛት መላሹ 58.4 በመቶ ብቻ ነበር፤ ከዚያም ውስጥ ብዙ የአገሬው ነባር ሕዝብ በሚኖርበት፣ መንደሩም ከመንደር እጅግ በሚራራቅበት በሊንጊያሪ የምርጫ ክልል ወደ 50.1 በመቶ ወርዷል። ፖስታ ከማይደርሰው ሰው የፖስታ መልስ መጠበቅ ምን ዓይነት ጥበብ እንደ ሆነ ለእኛ አልተገለጠልንም።

ከ150ዎቹ የምርጫ ክልሎች አይለወጥ ያሉት 17 ሲሆኑ፣ 12ቱ በሲድኒ፣ አብዛኞቹም ስደተኞች በብዛት በሰፈሩበት በምዕራቡ ክፍሏ የሚገኙ በመሆናቸው፣ ነገሩን ከባዕድ አገር ይዘውት በመጡት ሃይማኖት ብቻ ሊተረጉሙት የሞከሩ ብዙዎች ናቸው። በሃይማኖት የጸና ሕዝብ ስለ ጋብቻ ሲጠየቅ እንደ እምነቱ ቢመልስ የሚያስገርም አይደለም፤ ነገር ግን ከቀሩት አምስት መካከል ሦስቱ ገበሬውና ከብት አርቢው የሚኖሩባቸው የኩዊንስላንድ ክልሎች እንደ ሆኑ እነዚህ ተንታኞች ዘንግተውታል።

የፓርቲም ድንበር አልጸናም። የለውጡ ዋና ተቃዋሚ የነበሩት የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ አበት እንደራሴ የነበሩበት የዋሪንጋ ሕዝብ 75 በመቶ ይለወጥ ሲል፣ የሠራተኛ ፓርቲ ምሽግ የነበረው ብላክስላንድ ደግሞ 73.9 በመቶ አይለወጥ አለ። ኅዳር 28 ቀን ሕጉ በእንደራሴዎች ምክር ቤት በጸደቀ ጊዜ የተቃወሙት አራት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ የብላክስላንድ እንደራሴ ከአራቱ አንዱ አልነበሩም፣ የዋሪንጋውም እንደራሴ ድምፅ ሳይሰጡ ቀሩ።