ቀዩን ብዕር ለጀማሪው?

ጀርመናዊው ሚሲዮናዊ ክራፍ እ.ኤ.አ. ከ1839 እስከ 1842 በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አንኮበር ሲኖር የግዕዝ ብራናዎች ይሰበስብ ነበር። እኛን ግን ከብራና ሁሉ የሚገርመን ቀዩ ቀለም ነው። ቁም ጸሐፊው ሁለት ብዕር ይይዛል፤ በጥቁሩ ንባቡን፣ በቀዩ ርእሱንና የቅዱሳንን ስም ይጽፋል። ያስጻፈው ባለጸጋ ስምም አንዳንዴ ከቅዱሳኑ እኩል በቀይ ይገባል (ገንዘብ ምን ይሳነዋል!)።

ታዲያ ቀዩ ብዕር ለጀማሪ ተማሪ ይሰጠው? «ገጹን በቀይ ያጥለቀልቀዋል» የሚሉ አይጠፉም። እውነትም ሁሉ ከቀላ ርእሱ ከምን ይለያል? እኛ ግን ይሰጠው ባዮች ነን። ቀይ የት እንደሚገባ ሳይዙት አይለመድም። ደግሞም ብራና በቢላ ይፋቃል። የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የአዲሱ የተጻፈባቸው መጻሕፍት አሉ። ለባለጸጋ የተፋቀ ብራና ለተማሪማ ቢፋቅ ምን አለበት?