ድርና ማግ፤ በጋሞ ምድር የእጅ ጥበብና ዜማ የተሰበረውን ሰው እንዴት እንደሚጠግኑ



ሰው በሥጋው ሲታመም መድኃኒት ይፈለግለታል፤ ቁስሉም ይታሰርለታል። ነገር ግን ከሀገሩ ተለይቶ የተሰደደ፣ በጎረቤቶቹ ዘንድ የተናቀ፣ ወይም ዘመዱን በግፍ ሞት የተነጠቀ ሰው ቁስሉ በዓይን አይታይምና በምን ይታሰርለታል? ዳዊት በገናውን በደረደረ ጊዜ ንጉሥ ሳኦል ዕረፍት ያገኝ እንደ ነበረ በመጽሐፈ ሳሙኤል ተጽፎ እናገኛለን። እኛ ግን ወደ ሩቅ ዘመንና ወደ ሩቅ ሀገር መሄድ ሳያስፈልገን፣ ከዓባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ በተዘረጋው በጋሞ ደጋ የሆነውን ብንመረምር ለዚሁ ጥያቄ መልስ የሚሆን ብዙ ነገር እናገኛለን። ደብራችን ኢዮቤልዩውን በሚያከብርበት በዚህ ወራት ይህን ታሪክ ማስታወስ የሚገባ ሆኖ ስለ ታየን በአጭሩ ጽፈነዋል።

ከአርባ ምንጭ ተነሥቶ ወደ ጨንቻ የሚወጣ መንገደኛ ዶርዜ በደረሰ ጊዜ አስቀድሞ የሚያየው ቤቱን ነው። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተሰንጥቆ እንደ ቅርጫት የሚታታ፣ በእንሰት ቅጠልና በቀርከሃ ልባስ የሚከደን፣ ከፍ ያለ ቤት ነው። ምስጥ እግሩን በበላው ጊዜ የበሰበሰው ተቆርጦ ቤቱ ዝቅ ይላል እንጂ አይፈርስም፤ ባለቤቱም ስፍራ መለወጥ ቢያስፈልገው ጎረቤቶቹ ተሰብስበው ቤቱን እንዳለ ተሸክመው ያዛውሩታል። እንግዲህ በዚህ ሀገር ጥበብ ማለት ከመጀመሪያው የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ አንዱ ያታል፣ ብዙዎች ይሸከማሉ። ብቻውን የሆነ ሰው ቤቱን ማንሣት አይችልምና።

ዜማቸውም እንዲሁ ነው። በዶርዜ መዝሙር አንዱ ይመራል፤ ሌላው በተለየ ድምፅ ይቀበላል፤ የቀሩትም ከሥር ሆነው ይደግፋሉ፤ እያንዳንዱም የራሱን መንገድ ሳይለቅ ከሁሉ ጋር ይስማማል። ይህ በብዙ ድምፅ የመዘመር ሥርዓት የውጭ ሀገር ሊቃውንትን እጅግ አስደንቋቸዋል፤ ፈረንሳዊው የዜማ ተመራማሪ ቤርናር ሎርታ ዣኮብ በ1960ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ወደ ዶርዜ መጥቶ ድምፃቸውን ቀርጾ በሸክላ አሳትሞታል። በሥራ፣ በበዓልና በለቅሶ ጊዜ በአንድነት የሚዘመር ስለ ሆነ፣ ያዘነው ሰው ከመካከላቸው ዝም ቢል እንኳ ዝምታውን የሌሎቹ ድምፅ ይሸፍንለታል። ቆይቶም ልቡ ሲበረታ ወደ ቀድሞ ድምፁ ይመለሳል፤ ስፍራው ይጠብቀዋልና።

ይህ ጥበብ የተፈተነው ግን በስደት ጊዜ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ የጋሞ ምድር በዳግማዊ ምኒልክ መንግሥት ሥር ከገባ በኋላ በሕዝቡ ላይ ግብርና ልዩ ልዩ ግዴታ ተጣለበት። የደጋው መሬት ጠባብ፣ ሕዝቡም ብዙ ስለ ነበረ፣ ብዙ ወንዶች መወርወሪያቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ ወጡ። በጉለሌና በሽሮ ሜዳ ሰፍረውም በጉድጓድ አፍ ተቀምጠው ነጠላውን፣ ጋቢውንና ቡልኮውን ይሠሩ ጀመር። ሴቶች ባዘቶውን በእንዝርት ይፈትላሉ፤ ወንዶች ድሩን ዘርግተው ማጉን ይወረውራሉ። ከተማይቱም የለበሰችው ጥበብ ከዚያ ጉድጓድ የወጣ ነው።

ነገር ግን ለባሹ ልብሱን እየወደደ ሸማኔውን ይንቅ ነበር። በዚያን ዘመን ብረት የሚቀጠቅጠውም፣ ቆዳ የሚፍቀውም፣ ሸማ የሚሠራውም በየስሙ ይሰደብ ስለ ነበረ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ ሁሉ እንዲቀጣ አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ መልካም ነበረ፤ ንቀት ግን በአዋጅ ብቻ ከልብ አይወጣም። ሸማኔውን ያጸናው የራሱ ማኅበር ነው። የአንድ አገር ልጆች በአንድ መንደር ተቀምጠው፣ ልጅ ከአባቱ አጠገብ ሥራውን እየተማረ፣ በቋንቋቸው እየተጫወቱ ስለ ኖሩ፣ ከተማው ስም ቢነሣቸው እርስ በርሳቸው በስም ይጠራሩ ነበር። መስቀልም በደረሰ ጊዜ ብዙዎቹ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙትን ይዘው ወደ ደጋው ይመለሳሉ። የጋሞ ሰው ዮ ማስቃላ የሚለው ይህ በዓል የመብልና የጭፈራ ብቻ አይደለም፤ የተጣላ ሰው ሳይታረቅ በዓሉን መቀበል ነውር ነውና አስቀድሞ ዕርቅ ይደረጋል።

እውነትን ለመናገር፣ ይህ ያማረ ጨርቅ የተቀደደ ጠርዝም ነበረው። በጋሞ ልማድ ሸክላ የሚሠሩት ማና፣ ቆዳ የሚፍቁትና ብረት የሚቀጠቅጡት ደጋላ እየተባሉ ከሌላው ተለይተው ይኖሩ ነበር። በዱቡሻ ሸንጎ ከሌሎቹ እኩል አይቀመጡም፤ በጋብቻም አይፈለጉም፤ መቃብራቸው እንኳ የተለየ ነበር። ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ መለየቱ በሕግ ተከለከለ፤ በ1967 ዓ.ም. በወጣው የመሬት አዋጅም አንዳንዶቹ የእርሻ መሬት አገኙ። ሆኖም ልማድ ከሕግ ይልቅ ዕድሜው ረጅም ነው። እንስራዋን ተሸክመን ሠሪዋን የምንሸሽ ከሆነ፣ ጥበብ ይፈውሳል ማለታችን ግማሽ እውነት ብቻ ይሆናል። ሌላውን የሚፈውስ እጅ ራሱ ቆስሎ ሊኖር አይገባውምና።

አሁን ወደ ቅርቡ ዘመን እንምጣ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢዋ በተነሣው ሁከት ብዙ ሰዎች ተገደሉ፤ በሺህ የሚቆጠሩም ቤታቸውን ጥለው ሸሹ። ከተጎዱትም መካከል ብዙዎቹ የጋሞ ተወላጆች ነበሩ። ወሬው አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ የወጣቶች ልብ ነደደ፤ በቀል ፈልገው በከተማይቱ ወደሚኖሩት የሌላ ወገን ሰዎችና ወደ ንብረታቸው ተነሡ። በዚያን ጊዜ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው በመንገዱ ላይ ተንበረከኩ። በሀገሩ ሥርዓት እርጥብ ሣር የሰላም ምልክት ነው፤ ሣር ይዞ የተንበረከከን አባት አልፎ መሄድ ነውር ነው። ወጣቶቹም ቆሙ፤ ቍጣቸውን ውጠው ተመለሱ። ከተማይቱም ከደም ዳነች።

ይህስ ከጥበብ ይቆጠራልን? የሚል ቢኖር፣ አዎን ይቆጠራል እንላለን። ሽማግሌዎቹ ያንን ቀን አዲስ ነገር አልፈጠሩም። ቃሉን፣ አቋቋሙን፣ ሣሩን መያዙን ከአባቶቻቸው በዱቡሻ ተምረውታል፤ ወጣቶቹም ትርጓሜውን ያውቁታል። መዝሙሩ ያለ ተቀባይ መዝሙር እንደማይሆን፣ ሣሩም የሚረዳው ልብ ባይኖር ኖሮ ሣር ብቻ በሆነ ነበር። ዳሩ ግን ልክን ማወቅ ይገባል። ሣሩ ሊፈስስ የነበረውን ደም አስቀረ እንጂ የሞተውን አላስነሣም፤ የተፈናቀለውንም ወደ ቤቱ አልመለሰም። ለዚያ ፍርድ ያስፈልጋል፤ እህልና መጠለያ ያስፈልጋል። ጥበብ የእነዚህ ጓደኛ ነው እንጂ ምትካቸው አይደለም።

በሌላውም የሀገራችን ክፍል የሚመስለው አይጠፋም። ላሊበላ የሚባሉት አዝማሪዎች ማለዳ በየደጁ እየዞሩ ሲዘምሩ ኖረዋል፤ ዜማውን ቢተዉ የቁምጥና ደዌ ያገኘናል ብለው ያምኑ እንደ ነበረ ይነገራል። እምነቱ ምንም ቢሆን፣ የሚፈራውን ደዌ ስም ተሸክሞ በሰው ደጅ መቆምና ምርቃት መስጠት የተናቀውን ሰው ወደ ማኅበሩ የሚያስገባ በር ነበረ። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ ከመቶ የሚበልጡ በጎዳና የኖሩ ልጆች በእንግሊዛዊው የውዝዋዜ መምህር በሮይስተን ማልዱም መሪነት ታላቅ ትርኢት አሳዩ፤ ከእነርሱም አዱኛ የተባለው የውዝዋዜ ቡድን ተገኘ። እነዚያም ወጣቶች በኋላ የአካል ጉዳት ያለባቸውን ጓደኞቻቸውን አሠልጥነው ከእነርሱ ጋር በአንድ መድረክ ቆሙ። በአርባ ምንጭም በ1990ዎቹ የተጀመረው የአንድ ሺህ ከዋክብት በዓል የደቡብን ልዩ ልዩ ሕዝቦች በዜማና በጭፈራ አገናኝቷል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድን ነው? ጥበብ የሚፈውሰው ውብ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ሰው ስፍራ ስላለው ነው። ፈታይዋ ብትጎድል ሸማኔው ሥራ ይፈታል፤ ተቀባዩ ቢጠፋ መሪው ዝም ይላል፤ ተሸካሚው ባይመጣ ቤቱ አይነሣም። የተሰበረ ሰውም አስቀድሞ የሚፈልገው ምጽዋት ሳይሆን፣ «ያለ አንተ አይሆንልንም» የሚለውን ቃል ነው።

ስለዚህ ወገኖቼ ሆይ፣ በዚህ ኢዮቤልዩ የለበስነውን ነጭ ነጠላ ስናይ የፈተለችውንና የሠራውን እናስብ። በማኅበራችን የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ከማን አጠገብ ትቀመጣለች? ዓይነ ስውሩ ወንድማችን ከዜማው ጋር ድምፁን የሚያሰማበት ስፍራ አለውን? ከመንደሩ ተፈናቅሎ ወደ እኛ የመጣውን ሰው እጁ ምን ያውቃል ብለን ጠይቀነዋልን? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ምሳሌ ሁላችን ከልጅነታችን ጀምሮ እንናገረዋለን። ድሩ የሚያብረው ግን አንድም ፈትል ወድቆ ሳይቀር በተዘረጋ ጊዜ ነው።