ከደጎሎ እስከ መካና ኢየሩሳሌም፦ የመንፈሳዊ ጉዞ ገንዘብ እንዴት ይታቀዳል?

ከጃማዋ ደጎሎ፣ ከከላላ፣ ከወረኢሉ ወይም ከመካነ ሰላም ተነሥቶ ለመዝናናት ብቻ ባሕር የሚሻገር ሰው ጥቂት ነው። የምዕራብ ደቡብ ወሎ ደገኛ ወደ ውጭ ሀገር የሚወጣው በአብዛኛው በሦስት ምክንያት ነው፤ ለሐጅ ወይም ለዑምራ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ የትንሣኤን በዓል በቅዱሳት መካናት ለማክበር ወደ ኢየሩሳሌም፣ አልያም በዓረብ ሀገር የሚኖር ልጅን ለመጠየቅ። ለአብዛኛው ተጓዥ ጉዞው በሕይወት አንድ ጊዜ የሚገኝ ነው። ወጪው የሚሸፈነው ደግሞ ለዓመታት ከተጠራቀመ የጤፍና የስንዴ ሽያጭ፣ ከከብት ዋጋ ወይም ልጆች ተጋግዘው ካዋጡት ገንዘብ ነው። ይህ ጥሪት በሁለት ወይም በአራት ሳምንት ውስጥ፣ በማይታወቅ ቋንቋና በማይታወቅ የገንዘብ ኖት ይወጣል። ስለዚህም የገንዘቡ ጉዳይ ከሻንጣው ቀድሞ ሊታሰብበት ይገባል።

የቀደሙት ተሳላሚዎች በአንድ ነገር ከዛሬዎቹ ይሻሉ ነበር። አያቶቻችን ጠገራ ብር ይሉት የነበረው የማርያ ቴሬዛ ብር በወሎ ገበያም ሆነ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በሂጃዝ ተቀባይነት ነበረው፤ ነጋዴው የሚያየው የብሩን ክብደትና ጥራት እንጂ የባለቤቱን ሀገር አልነበረም። የዛሬው ብር ግን ከድንበር ሲያልፍ የመግዛት አቅሙን ያጣል። መካ ላይም ሆነ ኢየሩሳሌም ላይ ሻይ አይገዛም።

ስሌቱ በየትኛው ገንዘብ ይሠራ?

ብዙ ቤተሰብ የጉዞውን ወጪ በብር ያስባል፤ በብርም ያጠራቅማል። ችግሩ ከዚህ ይጀምራል። የአውሮፕላን ትኬት፣ ቪዛና የሆቴል ኪራይ መነሻ ዋጋቸው የውጭ ምንዛሪ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከለውጡ በፊት 300 ሺህ ብር የነበረው ሰው በ57 ብር ሂሳብ ከ5 ሺህ 200 ዶላር በላይ ያህል አቅም ነበረው። ያው ገንዘብ ዶላሩ 100 ብር በገባ ጊዜ 3 ሺህ ዶላር ብቻ ሆነ። ሰውዬው አንድ ብር አላጠፋም፤ ጉዞው ግን ራቀው።

ስለዚህ የጉዞ በጀት በሁለት ዓምድ ይጻፍ። በአንደኛው ዓምድ በብር የሚከፈሉት ይግቡ፦ ፓስፖርት፣ ወደ ደሴና ወደ አዲስ አበባ የሚደረግ ምልልስ፣ የአዲስ አበባ ማረፊያ፣ ክትባት፣ ቤት ለሚቀረው ቤተሰብ የሚተው ቀለብ። በሁለተኛው በውጭ ገንዘብ የሚከፈለው ሁሉ ይጻፍ፤ ለዚህኛው ዓምድ የተመን ለውጥን የሚሸከም መጠባበቂያ ያስፈልገዋል። በጸሐፊው ግምት ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ ያላነሰ ቢሆን ይመረጣል።

በብር ዓምድ ውስጥ ብዙ ሰው የሚዘነጋው መዘግየት የሚያስከፍለውን ነው። በ2016 ዓ.ም. በወጣው ተመን መደበኛ ፓስፖርት 5 ሺህ ብር ሲሆን በሁለት ቀን የሚሰጠው አስቸኳይ አገልግሎት 25 ሺህ ብር ነው። የ20 ሺህ ብሩ ልዩነት የሚከፈለው ለችኮላ ብቻ ነው። ያለውም ፓስፖርት ቢሆን ቀሪ ዘመኑ ከስድስት ወር ማነስ የለበትም። መንገድ በጸጥታ ወይም በክረምት ምክንያት ሊስተጓጎል እንደሚችል የአካባቢው ሰው ያውቀዋልና ከበረራው ቀን ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ አዲስ አበባ ለመግባት የሚያበቃ የማረፊያ ገንዘብ መያዝም አስፈላጊ ነው። የበረራ ትኬት ካመለጠ ወጪው ከሁለት ሌሊት አልጋ እጅግ ይበልጣል።

“ጠቅላላ ዋጋ” ሁሉን አይጠቀልልም

የሐጅና የዑምራ ጉዞ በኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤትና ፈቃድ ባላቸው ወኪሎች በኩል ይፈጸማል። የኢየሩሳሌሙ ጉዞ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በማኅበራትና በጉዞ ወኪሎች ይዘጋጃል። ሁሉም አንድ ጠቅላላ ዋጋ ይናገራሉ። ያ ዋጋ ምን እንደሚያካትት በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ መጠየቅ ነውር የለውም። ምግብ በቀን ስንት ጊዜ ነው? ሆቴሉ ከሐረም ወይም ከቅዱሳት መካናቱ ምን ያህል ይርቃል? በአንድ ክፍል ስንት ሰው ያድራል? የውስጥ መጓጓዣ ተከፍሏል? ሐጅ ከሆነ የሐድይ (የመሥዋዕት) ዋጋ በውስጡ አለ? ጉዞው ቢሰረዝ ገንዘቡ እንዴት ይመለሳል?

ርቀቱ ተራ ጥያቄ አይደለም። ከሐረም ራቅ ያለ ሆቴል በወረቀት ላይ ርካሽ ነው፤ ጉልበታቸው የደከመ አዛውንት ግን በየሶላቱ ታክሲ ከያዙ ርካሽነቱ በሳምንት ውስጥ ያልቃል። በረመዳን የመካ ማረፊያዎች ዋጋ እንደሚንር የታወቀ ነው፤ ዑምራን ከረመዳን ውጭ ማድረግ የሚችል ሰው በዚሁ ብቻ ብዙ ያተርፋል። ኢየሩሳሌም ላይም በትንሣኤ ሰሞን የሚሆነው ይኸው ነው፤ እዚያ ግን በዓሉ ራሱ የጉዞው ምክንያት በመሆኑ ወቅቱን መለወጥ አይታሰብም።

ክፍያ በደረሰኝ ይሁን፤ የሚከፈለውም በድርጅቱ የባንክ ሂሳብ እንጂ በግለሰብ ስም በተከፈተ ሂሳብ አይሁን። “ዛሬ ካልከፈሉ ቦታው ይሞላል” የሚል አጣዳፊ ሲበዛ ቆም ብሎ የድርጅቱን ፈቃድ ማጣራት ይበጃል።

ዶላር ከየት ይገዛል?

ከሕጋዊ ባንክ፣ ወይም ከ2016ቱ ለውጥ ወዲህ ፈቃድ ካገኙ የውጭ ምንዛሪ ቢሮዎች። ተጓዡ የጸና ፓስፖርት፣ ቪዛና የአውሮፕላን ትኬት ይዞ ይቀርባል። ብሔራዊ ባንክ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ባሻሻለው መመሪያ ለግል ጉዞ የሚሸጠው ጣሪያ እስከ 10 ሺህ ዶላር ከፍ ብሏል። መመሪያዎች ስለሚለዋወጡ በጉዞው ሰሞን የሚሠራውን ከባንኩ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጣሪያው ከፍ አለ ማለት ደግሞ ቅርንጫፉ ሁሉ በእጁ ዶላር አለው ማለት አይደለም፤ ስለዚህ ደጎሎ ሳሉ የሂሳብ ቅርንጫፍን አነጋግሮ፣ ደሴ ይገኝ ወይስ አዲስ አበባ የሚለውን አስቀድሞ መለየት ያሻል። ሲጠየቅም ተመኑ ብቻ ሳይሆን በላዩ የሚታሰበው የአገልግሎት ክፍያ አብሮ ይጠየቅ፤ ሁለት ባንኮች የሚወዳደሩት በድምሩ ነው።

የጎዳና ምንዛሪ ሕገ ወጥ ነው። ከሕጉ ባሻገር የሐሰት ኖት የገጠመው ሰው የሚከሰው አያገኝም። ከባንክም ቢሆን የተቀደደ፣ የተጻፈበት ወይም ማኅተም ያረፈበት ዶላር መቀበል አይገባም፤ ውጭ ያሉ መንዛሪዎች ይመልሱታል ወይም ዋጋ ይቀንሱበታል። የባንኩ ደረሰኝ ከፓስፖርቱ ጋር ይቀመጥ፤ ኤርፖርት ላይ ስለ ገንዘቡ ምንጭ ቢጠየቁ መልሱ እሱ ነው።

ልጆቻቸው ሳዑዲ ላሉ ቤተሰቦች ሌላም በር አለ። ከለውጡ ወዲህ ከውጭ በሕጋዊ መንገድ የሚላክ ሐዋላ የውጭ ምንዛሪ ሂሳብ ለመክፈት መነሻ ሊሆን ይችላል። ለጉዞ የተላከን ዶላር ወደ ብር ለውጦ ከወራት በኋላ በጨመረ ዋጋ መልሶ ከመግዛት ይህ ይሻላል።

ካርድን በተመለከተ፦ በሀገር ውስጥ ብቻ የሚሠራ የኤቲኤም ካርድ ጅዳ ላይ አይሠራም፤ የደጎሎ ሱቅ የሚቀበለው የቴሌብር ክፍያም እንዲሁ። አንዳንድ ባንኮች ለተጓዥ በውጭ ምንዛሪ የሚሞላ ዓለም አቀፍ ካርድ ይሰጣሉ። ማንበብ ለሚችል ተጓዥ ጠቃሚ ነው፤ የሚስጥር ቁጥር ለመያዝ ለሚቸገሩ አዛውንት ግን ለቡድኑ ታማኝ ወጣት ካልሆነ ለእነርሱ ባይሰጥ ይሻላል። የካርድ ማሽን “በሪያል ወይስ በዶላር ይከፈል?” ብሎ ከጠየቀ የሀገሩን ገንዘብ መምረጥ ነው፤ ማሽኑ ራሱ ሲመነዝር የሚጨምረው ዋጋ አለና።

ሪያልና ሼክል

የሳዑዲ ሪያል ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዶላር ጋር በ3.75 የተቆራኘ ነው። ይህ ለተጓዥ ምቹ ነው፤ 100 ዶላር ወደ 375 ሪያል ይጠጋል፤ ከዚያ በእጅጉ ያነሰ የሚሰጥ መንዛሪ እየበዘበዘ መሆኑ ይታወቃል። ኤርፖርት ላይ ለታክሲና ለውኃ የሚሆን ብቻ መንዝሮ ቀሪውን ከተማ ገብቶ መመንዘር ይመከራል። በብር ለማሰብ ደግሞ አንድ የሚያዝ ቁጥር ያስፈልጋል። ለአብነት ያህል ዶላሩ 150 ብር ቢሆን አንድ ሪያል 40 ብር ይሆናል። እንግዲህ የ2 ሪያል ሻይ 80 ብር፣ የ25 ሪያል ምሳ 1 ሺህ ብር መሆኑ ነው። ይህ ማስፈራሪያ አይደለም፤ “አምስት ሪያል ምን አላት” እያሉ በቀን መቶ ሪያል ከማጥፋት ይጠብቃል እንጂ።

የማያነቡ ተጓዦች ገንዘብ የሚለዩት በቀለም ነውና ከመሄዳቸው በፊት ቀለማቱን ቢያጠኑ መልካም ነው። በሳዑዲ 5 ሪያል ሐምራዊ፣ 10 ቡናማ፣ 50 አረንጓዴ፣ 100 ቀይ፣ 500 ሰማያዊ ነው። ሐምራዊ በእኛ ዘንድ ትልቁ ኖት፣ 200 ብር መሆኑን ልብ ይሏል! በእስራኤል ደግሞ 20 ሼክል ቀይ፣ 50 አረንጓዴ፣ 100 ብርቱካናማ፣ 200 ሰማያዊ ነው።

የሼክል ዋጋ እንደ ሪያል የቆመ ሳይሆን በየዕለቱ ይወጣል ይወርዳል። በአሮጌው ከተማ በሮች አካባቢ መንዛሪዎች በቅርብ ይገኛሉ፤ የሁለት ሦስቱን ተመን ማነጻጸር የደቂቃዎች ሥራ ነው። ዐርብ ከመሸ እስከ ቅዳሜ ምሽት በሰንበት ምክንያት በአይሁዳውያን ሰፈሮች ሱቆችና አውቶቡሶች ይቆማሉና ለእነዚያ ሰዓታት የሚሆን ገንዘብና ምግብ ቀድሞ ይያዝ።

ገንዘብ በአንድ ቦታ አይቀመጥም። ለቀኑ የሚበቃው በኪስ፣ ዋናው በሰውነት ላይ በታሰረ ቦርሳ ወይም በሆቴል ካዝና፣ የጭንቅ ጊዜው ደግሞ በሌላ በሚታመን የጉዞ ባልደረባ ዘንድ ይሁን። የወንዶች ኢሕራም ኪስ ስለሌለው የገንዘብ ቀበቶ መታጠቅ የተለመደ ነው። በጠዋፍ ሕዝብ መካከል የሚያስፈልገው የዕለት ወጪና የማረፊያው አድራሻ ያለበት ካርድ ብቻ ነው።

አደራና ስጦታ

በጀትን የሚያናጋው ብዙ ጊዜ ምግብ ወይም ታክሲ ሳይሆን ሻንጣው ነው። ተጓዡ ሲሸኝ ጎረቤቱ ሁሉ መርቆ ይሸኘዋል፤ ሲመለስም ሁሉም እንዲያስታውሰው ይጠብቃል። ከመካ ተምርና ዘምዘም፣ መስገጃ፣ መስበሓና ሻሽ፤ ከኢየሩሳሌም ጧፍ፣ ዕጣን፣ መስቀልና ሥዕል። ባህሉ ያማረ ነው፤ ማንም ባዶ እጁን ልመለስ አይልም። ይሁን እንጂ ለአርባ ሰው 15 ሪያል የሚያወጣ ስጦታ መግዛት 600 ሪያል ነው፤ በላይኛው ሂሳብ 24 ሺህ ብር። ከዚህ ላይ የተፈቀደውን ኪሎ ያለፈ ሻንጣ ክፍያ ሊጨመርበት ይችላል። ስለዚህ የስም ዝርዝሩ ከመነሣት በፊት ይጻፍ፤ ገንዘቡም ለብቻው ተቋጥሮ ይቀመጥ። በትልቅ ከረጢት ተምር ገዝቶ ቤት ከገቡ በኋላ ለየጎረቤቱ በጥቂት በጥቂቱ ማካፈል ስጦታውንም በጀቱንም ያድናል።

የአደራ ገንዘብ ሌላ ነው። “ይህን ለሻማ፣ ይህን ለሰደቃ” ተብሎ የሚሰጠው ብር ከራስ ገንዘብ ጋር ከተቀላቀለ መጨረሻው ጭንቀት ነው። የሰጪው ስም፣ የብሩ መጠንና በዕለቱ የተመነዘረበት ዋጋ በማስታወሻ ይስፈር፤ 1 ሺህ ብር የሰጠ ሰው እዚያ የሚደርስለት 25 ሪያል ያህል መሆኑንም በግልጽ መንገር ይገባል። የታሸገ ዕቃ አደራ ግን ከማንም አይቀበሉ። ጫት በሳዑዲ የተከለከለ ነው፤ የአደንዛዥ ዕፅ ቅጣት ደግሞ እስከ ሞት ይደርሳል። “አላወቅሁም” የሚለው መልስ ብዙዎችን አላዳነም።

ልጅ ዘንድ ማረፍ

ጅዳ ወይም ሪያድ ልጅ ያለው ወላጅ “ልጄ አለች፣ ምን ያስፈልገኛል” ብሎ ባዶ ኪሱን የሚነሣበት ጊዜ አለ። ልጅቱ በሰው ቤት የምትሠራ ከሆነ የራሷ ማረፊያ ላይኖራት፣ ፈቃድም ላታገኝ ትችላለች። ወላጅ በደረሰ ጊዜ የወር ደመወዟን ከማሟጠጧ በላይ ብድር ውስጥ ልትገባ ትችላለች፤ ደፍራ ግን አትናገርም። ስለዚህ ምን እንደምትችል ከጉዞው በፊት በስልክ በግልጽ ተነጋግሮ፣ ቢያንስ የመመለሻውና የሕክምና መጠባበቂያው ገንዘብ ከወላጅ ዘንድ ቢሆን ለሁለቱም ክብር ነው።

ሲመለሱ

ከአዲስ አበባ እስከ ደጎሎ የሚያደርሰው የመመለሻ ብር ይዞ መዞር አያስፈልገውም፤ አዲስ አበባ ባለ ዘመድ ዘንድ ወይም በባንክ ሂሳብ ይቆይ። ከተወሰነ መጠን በላይ ገንዘብ ይዞ ወደ ሳዑዲ የሚገባም የሚወጣም ለጉምሩክ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። የተረፈ ሪያል በባንኮቻችን ይመነዘራል። ሼክል ግን በዕለታዊ የተመን ሰሌዳቸው ላይ ብዙ ጊዜ ስለማይገኝ ከቴል አቪቭ ሳይነሡ ወደ ዶላር ይለወጥ። ሳንቲም የትኛውም ባንክ አይመነዝርም፤ የተረፉትን ሀላላዎችና ባለ አንድ ሪያል ሳንቲሞች ኤርፖርት ላይ ውኃ ገዝቶባቸው መሳፈር ነው።