ማሰሻና ፕሮግራም በአንድ ጥበቃ ሥር፦ የስክሪፕት እገዳ ታሪክ

እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለረጅም ዘመን፣ በዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ላይ የተጫኑ በርካታ ፕሮግራሞች በማሰሻ የደኅንነት ቅንብር ምክንያት ሥራቸውን ያቆሙ ነበር። ማሰሻ ማለት ድረ ገጽ የሚከፈትበት ፕሮግራም ሲሆን፣ ችግሩ የሚከሠተው ተጠቃሚው ማሰሻውን ጨርሶ ባልነካበት ሰዓት ስለነበር ምክንያቱን ለማግኘት አዳጋች ነበር። የዚህም ሥር የሚገኘው የማሰሻው ታሪክ ገና ሲጀመር በተወሰዱ ሁለት ውሳኔዎች ውስጥ ነው።

በ1995 የማሰሻ ሠሪው የኔትስኬፕ ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ብሬንዳን አይክ ጃቫስክሪፕትን ሲፈጥር፣ ድረ ገጽ ከሚነበብ ጽሑፍነት አልፎ ትእዛዝ የሚፈጽም ሆነ፤ ከገጹ ጋር መጥቶ በአንባቢው ኮምፒውተር ላይ የሚፈጸመው ይህ የትእዛዝ ጽሑፍ ስክሪፕት ይባላል። ማይክሮሶፍት በበኩሉ በነሐሴ 1996 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 3 የተባለውን ማሰሻውን ሲያወጣ፣ ገጹን አንብቦ የሚያሳየውን ክፍል ከማሰሻው ለይቶ ማንኛውም ፕሮግራም ሊጠቀምበት እንዲችል አደረገ። ይህ የመጀመሪያው ውሳኔ ሲሆን፣ የሶፍትዌር ሠሪዎችን ከብዙ ድካም ስላሳረፈ የእገዛ ጽሑፎች፣ የኢሜይል መስኮቶችና የመመዝገቢያ ቅጾች በዚሁ የጋራ ክፍል መታየት ጀመሩ።

ሁለተኛው ውሳኔ በ1997 ከኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 4 ጋር የመጣው የደኅንነት ቀጣና ሥርዓት ነው። ገጾች እንደ ምንጫቸው የኢንተርኔት፣ የመሥሪያ ቤት ውስጥ አውታር፣ የታመኑና የተከለከሉ ተብለው በአራት ቀጣና ተመደቡ፤ ከእነዚህም በተጨማሪ በኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ ያሉ ገጾች የሚገቡበት፣ ለተጠቃሚው የማይታይና እጅግ የሚታመን አምስተኛ ቀጣና ነበር። የጋራው ክፍል በማንኛውም ፕሮግራም ውስጥ ቢሠራ በመደበኛነት የሚጠይቀው ይህንኑ ቅንብር በመሆኑ፣ በማሰሻው ላይ ስክሪፕትን የከለከለ ሰው ሳያውቀው የሌሎች ፕሮግራሞችን መስኮት ጭምር ያግድ ነበር።

በግንቦት 2000 በኢሜይል የተዛመተው «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ትል፣ ማለትም ራሱን እያባዛ የሚዛመት ጎጂ ፕሮግራም፣ በስክሪፕት የተጻፈ ነበር፤ የተፈጸመው ከማሰሻው ውጭ ቢሆንም፣ በስክሪፕት ላይ የነበረውን መተማመን አናጋ። የማይክሮሶፍት መሥራች ቢል ጌትስ በጥር 2002 ደኅንነት ከአዳዲስ አገልግሎቶች እንዲቀድም ለሠራተኞቹ ጻፈ፤ የ2003ቱ ዊንዶውስ ሰርቨርም የኢንተርኔት ቀጣናን ስክሪፕት ከመነሻው ከልክሎ ወጣ። በነሐሴ 2004 የወጣው የዊንዶውስ ኤክስፒ ሁለተኛ የማሻሻያ ጥቅል ደግሞ የተሰወረውን ቀጣና ሳይቀር ስላጠበቀው፣ ከዲስክ በማሰሻው የሚከፈቱ የማስተማሪያ ገጾች የማስጠንቀቂያ መስመር ያወጡ ጀመር። በሰኔ 2005 የወጣ ሌላ ማሻሻያ፣ በጋራ ሰርቨር ላይ የተቀመጡ የእገዛ ፋይሎች ከዚያው እንዳይነበቡ አደረገ፤ ፋይሉ ሲከፈት ርዕሶቹ በጎን ተደርድረው ይታያሉ፣ ጽሑፉ ግን አይመጣም።

የጥገና ባለሙያዎች በዚህ ጊዜ የተማሩት ትልቁ ነገር ፕሮግራሙን ነቅሎ ዳግም መጫን ከንቱ መሆኑን ነው፤ የተጫነው ፕሮግራም ጤነኛ ስለሆነ፣ መመርመር ያለበት የገጹ ቀጣናና የተከለከለው ፈቃድ ነበር። መልካሙ ባለሙያ የሚታወቀውን አድራሻ ብቻ ወደ ታመኑት ያስገባል፣ ወይም ከኢንተርኔት የወረደውን የእገዛ ፋይል ምንጩን አረጋግጦ እገዳውን ያነሣለታል። የቸኮለው ግን የቀጣናውን ጥበቃ በሙሉ ዝቅ አድርጎ አንድ መስኮት ለማሠራት ኮምፒውተሩን ለጥቃት ያጋልጣል።

ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር በሰኔ 15 ቀን 2022 ከአገልግሎት ሲሰናበት፣ የጋራውን ክፍል ይተካ ዘንድ በ2020 የቀረበው ዌብቪው 2 የተባለው ክፍል ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የራሱን ቅንብር የመያዝ ዕድል ሰጥቶ ነበር። ለዓመታት ተጠቃሚን ከባለሙያ ያለያየው ጭቅጭቅ ጥበቃ በዛ ወይስ አነሰ በሚል ቢመስልም፣ የታሪኩ ሂደት የሚያስረዳው ጉድለቱ የተለያየ እምነት የሚገባቸውን ሥራዎች በአንድ ፈቃድ ማሰር መሆኑን ነው፤ እያንዳንዱ ሥራ የሚያስፈልገውን ያህል ፈቃድ ብቻ ሲሰጠው ደኅንነትና አገልግሎት አብረው ይቆማሉ።