ከአልጋው ሥር ያሉ ጫማዎች

የእኔ ሥራ ጫማ መደበቅ ነበር። ናዝሬት ውስጥ፣ ገና አዳማ ብለን ሳንጠራት፣ ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አራት ወይም አምስት እንግዶች ቤታችን ይመጣሉ። ተንበርክከው የሚጸልዩት ምንጣፍ ላይ ስለሆነ ጫማቸውን ደጃፍ ላይ ያወልቃሉ። ደጃፍ ላይ የተደረደረ ጫማ ደግሞ ለሚያልፍ ሰው ስብሰባ መኖሩን ይናገራል፤ ያኔ ከቀበሌው ስብሰባ በቀር ሌላ ስብሰባ ራስ ላይ መዘዝ መጥራት ነው። ስለዚህ እንግዳው ገና ሳይቀመጥ ጫማውን አንሥቼ እማዬ አልጋ ሥር እወሽቃለሁ። ኮንጎ ጫማ አለ፣ የድሬሰር ነጭ ጫማ አለ፣ ተረከዙ ወደ አንድ ጎን ያለቀ የሽማግሌ ቆዳ ጫማ አለ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ባለቤቱን ፊቱን ሳላይ በጫማው አውቀው ነበር።

በ1974 ዓ.ም. ጥር ወር ነው የእኛ ቤተ ክርስቲያን፣ መሠረተ ክርስቶስ፣ የተዘጋችው። ጸሎት ቤቶቹ ታሸጉ፤ የባንክ ሒሳቡ ታገደ፤ የናዝሬት መጽሐፍ ቅዱስ አካዳሚ ተወሰደ፤ ስድስት መሪዎች ታሰሩ፤ ከእነሱም ከአራት ዓመት በላይ በእስር የቆዩ አሉ። በዚያ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኗ 14 አጥቢያና ወደ 5,000 የሚጠጉ ምዕመናን ነበሯት። ደርግ በወደቀበት በ1983 ዓ.ም. ሲቆጠሩ ከ34,000 በላይ ሆነው ተገኙ። ይህን ቁጥር ብዙ ሰው በመገረም ያወራዋል። እኔ ግን ቁጥሩ እንዴት እንዳደገ ስለማውቅ፣ ስለ አካሄዱ ልናገር።

ነገሩ የጀመረው ከሆስፒታል ነው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ለእርዳታ የመጡት ሜኖናውያን ናዝሬት ላይ የኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ሆስፒታልን ይመሩ ነበር፤ እዚያው ድሬሰሮች ያሠለጥኑ ነበር። የመጀመሪያዎቹ አማኞች በ1943 ዓ.ም. ተጠመቁ። የቤተ ክርስቲያኗ ስምም ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች መሠረቱ ክርስቶስ ነው ብሎ ከጻፈው የተወሰደ ነው። በ1950ዎቹ ደግሞ እንግሊዝኛ መማር የፈለጉ የናዝሬት ተማሪዎች የዮሐንስን ወንጌል እንደ መማሪያ መጽሐፍ ሲያነቡ ልባቸው ተነካና «ሰማያዊ ብርሃን» የተባለው የወጣቶች እንቅስቃሴ ተነሣ። እነዚያ ልጆች በኋላ የቤተ ክርስቲያኗ ጉልበት ሆኑ።

እማዬ ከእነዚህ አንዷም አልነበረችም። ድሬሰርም ተማሪም አይደለችም፤ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ጸሎት ቤት ስትሄድ ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ታዳምጣለች፣ ትመለሳለች። ሰባኪ ነበረ፣ መዘምራን ነበሩ፣ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ ከእሷ የሚፈለግ ነገር አልነበረም። ማንበብ የቻለችውም በኋላ ነው። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ማታ ማታ ቀበሌ እየሄደች ፊደል ቆጠረች። ጸሎት ቤቷን ባሸገው መንግሥት ዘመቻ የቆጠረችውን ፊደል ይዛ ነው በኋላ አምስት ሰው ቡና ላይ ሰብስባ የማርቆስን ወንጌል በጣቷ እየተከተለች ያነበበችው። ለዚህ ፊደል እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ።

በየቤቱ የሚሰበሰቡት ቡድኖች ደንብ ጥብቅ ነበር። ከአምስት እስከ ሰባት ሰው፣ ከዚያ አይበልጥም። ሰው ሲጨመር ቡድኑ ይከፈላል፤ የተከፈለው ደግሞ መሪ ያስፈልገዋል። መሪዎቹ እስር ቤት ናቸው፤ የቀሩትም ይጠበቃሉ። ስለዚህ ትናንት ኋላ ወንበር ላይ የነበረው ሰው ዛሬ ማስተማር ግድ ይሆንበታል። በዚህ መንገድ አንድ ቤት ሁለት፣ ሁለቱ አራት ሆኑ። መግቢያው ቀስ በቀስ ነው፤ መውጫውም እንዲሁ። አንዱ ከወጣ በኋላ ሌላው አሥር ደቂቃ ያህል ይቆያል። ጫማውን ከአልጋው ሥር አወጣለታለሁ፣ ደጅ ወጥቼ ግራ ቀኝ አያለሁ፣ እጄን አወዛውዛለሁ።

ሽፋናችን ቡና ነበር። ጎረቤት ቡና የሚጠጣን ሰው ምን ትሠራለህ አይለውም። ችግሩ እማዬ እጣን አታጤስም፤ ከቀድሞ ነገር ጋር ስለሚያያዝባት ትታዋለች። ያለ እጣን የሚፈላ ቡና ደግሞ በእኛ ሠፈር «ጴንጤ ናት» ያሰኛል። ስለዚህ ቡናውን ስትቆላ መስኮቱን ትከፍትና ሽታው መንገዱን እንዲሞላ ታደርጋለች፤ ንባቡ ሲጀመር ትዘጋዋለች። አቦሉ ላይ ይነበባል፣ ቶናው ላይ ይጸለያል፣ በረካው ላይ ይዘመራል። መዝሙሩ ግን ድምፅ የለውም። ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ትንፋሽ ይሰማል፣ ዜማው በአየር ላይ ያለ አይመስልም፤ ሁሉም ግን እኩል ይጀምራሉ፣ እኩል ይጨርሳሉ። ግጥሞቹ የተገለበጡት በእኔ የትምህርት ቤት ደብተር ላይ ነበር፤ ከፊት ለፊት ሒሳብ፣ ከጀርባ መዝሙር።

መከራው የእኛ ብቻ አልነበረም፤ ይህን ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተገደሉ። ከመንበራቸው የወረዱት ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም በዚያው ዘመን በደርግ እጅ ተገደሉ። የሁለቱም አስከሬን የተገኘው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ነው። እርስ በርስ ብዙም የማንተዋወቅ ክርስቲያኖች በአንድ ዘመን አንድ ዓይነት ለቅሶ ለቀስን።

የእኛ ቤት ለቅሶ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ታላቅ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ሄደ። ደብዳቤ ይልክ ነበር፤ ከዚያ ቀረ። አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል ሰዎች በራችንን አንኳኩ። እማዬ ገና ሳትከፍት ማን እንደሆኑ አወቀች፤ በዚያ ሰዓት የሚመጣው መርዶ ነው። ከበሩ ወዲህ ቆማ «ልጄን ስሙን ሳትጠሩ እዚያው ቆዩ» አለች። ከዚያ ከፈተችላቸው።

ከዚያ በኋላ ለሳምንታት አልጸለየችም። ወንጌሉን ከትራሷ ሥር አንሥታ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈችው። ሰዎች በመከራ ሰው እምነቱ ይጠነክራል ሲሉ ያን ቁም ሣጥን አስባለሁ። እማዬ በዚያ ወር አልጠነከረችም፤ ተሰብራ ነበር። የጠነከሩት ሌሎቹ ናቸው። ለቅሶ ቤት መሰብሰብ ማንም ሊከለክል ስለማይችል ድንኳን ተተከለ፤ በናዝሬት የተበተኑት ቡድኖች ሁሉ፣ እርስ በርስ እንኳ የማይተዋወቁ፣ በአንድ ድንኳን ተቀመጡ። አንዱ ሽማግሌ፣ ያ ተረከዙ ያለቀ ጫማ ባለቤት፣ ተነሥተው ስለ ትንሣኤ ተናገሩ። የቀበሌው ካድሬ ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ይዞ ተቀምጦ ሰማቸው። ሊያስቆማቸው አልቻለም፤ ለቅሶ ነው።

ከዚያ ድንኳን ሦስት ጎረቤቶቻችን ወደ እኛ መጡ። እትዬ የምላት፣ እጣን አለማጤሳችንን ለሠፈሩ ስታወራ የነበረችው ሴት፣ አንዷ ነች። ለአንድ ወር ያህል በየጠዋቱ እየመጣች የእማዬን ሊጥ አቡክታላታለች፣ ምጣዱን አሰምታ ጋግራላታለች፤ ገበያውን አላስዘጋችባትም። አንድ ጠዋት እማዬ ቁልፉን ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠቻትና «አንቺው አንብቢልኝ» አለቻት። ሴትየዋ ማንበብ አትችልም ነበር። እማዬ ከምጣዱ አጠገብ ተቀምጣ በአመድ ላይ «ሀ» ጻፈችላት።

እማዬ ግን «የልጄ ሞት ለዚህ ሆነ» ብላ አንድም ቀን አልተናገረችም። እኔም አልልም። ወንድሜ የማንም ትምህርት ማስጀመሪያ አልነበረም፤ ኳስ የሚወድ ልጅ ነበር።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በግልጽ መሰብሰብ ተጀመረ። የመጀመሪያው እሁድ ቦታ ጠፍቶ ሰው ደጅ ላይ ቆሞ ነበር። መዘምራኑ ማይክራፎን ይዘው ሲጀምሩ ሕዝቡ ሁሉ ድምፁን ለቀቀ፤ አንዳንዱ ይጮኻል፣ አንዳንዱ ያለቅሳል። እማዬን ዞር ብዬ አየኋት። ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች፤ የሚሰማው ትንፋሿ ብቻ ነው። «እማዬ፣ አሁንኮ መዘመር ይቻላል» አልኳት። ሞከረች። ድምፁ አልወጣ አላት። አጠገቧ የቆመችው እትዬ ክንዷን በእማዬ ክንድ ውስጥ አስገባችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ እስከ መጨረሻው በሹክሹክታ አብራት ዘመረች።