የመልክ መብት፦ ፎቶ የተነሳው ሰው ድርሻ

ፎቶግራፍን በተመለከተ አማርኛ ሁለት ሰዎችን በአንድ ግስ ይዟል፤ አንዱ ያነሳል፣ ሌላው ይነሳል። "ፎቶው የማን ነው?" ሲባል ግን ሁሉም ወደ አንሺው ያመለክታል፤ የለመድነው "የቅጂ መብት" የእሱን ድርሻ ብቻ የሚጠራ ነውና። ለተነሺው ድርሻ "የመልክ መብት" የሚለው ስም ይስማማል እላለሁ። "የምስል መብት" ማለት ያምታታል፤ ምስል አንሺው የሠራው ነገር ነው፤ መልክ ግን ከባለቤቱ አይለይም። ግእዝም ቅዱሳንን ከራስ ጠጉር እስከ እግር ጥፍር የሚያወድሰውን ድርሰት "መልክእ" ብሎታል።

ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ መብቱ የቆየ ነው። የ1952 ዓ.ም. ፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል፤ በአንቀጽ 29 ደግሞ ባለመልኩ እንዲቆምለት መጠየቅ ይችላል። አዋጅ ቁጥር 410/1996 በበኩሉ ለፎቶግራፍ ሥራ 25 ዓመት ጥበቃ ይሰጣል። ስለዚህ አንድ የደብረ ብርሃን ፎቶ ቤት ያነሳው የሙሽሮች ፎቶ የቅጂ መብቱ የእሱ ነው ብንል እንኳ፣ ሳያስፈቅድ ለማስታወቂያ መስኮቱ ላይ ሊሰቅለው አይችልም።

ነገሩ የሚከብደው ከወለጋ ተፈናቅለው በደብረ ብርሃን መጠለያዎች በሰፈሩ ወገኖቻችን ላይ ነው። እርዳታ ለመቀበል የተሰለፈች እናት ካሜራ ሲዞርባት ዝም ብትል "ፈቅዳለች" ይባላል። መነሳትን መፍቀድ ግን መሰራጨትን መፍቀድ አይደለም፤ እጇን ለስንዴ የዘረጋች ሴት እንዴት አድርጋ እምቢ ትላለች?

"ፎቶው ባይወጣ እርዳታው ከየት ይመጣል?" የሚለው ሙግት ቀላል አይደለም። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ የካናዳ ቴሌቪዥን መቀሌ ላይ የቀረጻት ሕፃን ብርሃን ወልዱ በዚያው ዓመት ሐምሌ ለረሃብተኞች እርዳታ በተዘጋጀው ላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ታይታ ዓለምን አስለቅሳለች። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 28 ይህን መንገድ አልዘጋም፤ ሕዝብን የሚመለከት ጉዳይና በአደባባይ የሆነ ነገር ያለ ፈቃድ ሊታይ ይችላል፤ የጥምቀት ምእመንም የተፈናቃዮች ሰልፍም በዚህ ይገባሉ። ያ ልዩ ሁኔታ ግን ከሰልፉ አንዲት ፊት ተነጥላ፣ ጎልታ፣ ዜናው ካለፈ በኋላ የገንዘብ ማሰባሰቢያ ፖስተር ስትሆን የሚያገለግል አይመስለኝም። ያን ጊዜ ፎቶው የት እንደሚወጣና ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ ሊነገራት፣ ፊደል ካልቆጠረችም ጮክ ተብሎ ሊነበብላት ይገባል፤ ስንዴውን ከተረከበች በኋላ።